ውሃና ጥንታዊ አለት፦ የቡለን ጉድጓዶች ምን ያስተምሩናል?

በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ ዝናብ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ረጅም ወቅት ይመጣል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ጅረቱ ይሞላል፤ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ ስለ ውሃ የሚጨነቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ደረቁ ወራት ሲገቡ ግን ነገሩ ይለወጣል። መጋቢትና ሚያዝያ ሲደርሱ ትንንሾቹ ጅረቶች ይነጥፋሉ፤ ቢጫ ጀሪካን የተሸከሙ እናቶችና ልጃገረዶችም ፊታቸውን ወደ ጉድጓዶቹ ያዞራሉ።

እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። በአንድ መንደር ውስጥ፣ በተቀራራቢ ቦታ ከተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲሰጥ፣ ሌላው የእጅ ፓምፑ እጀታ ሲንቋቋ ከመሰማቱ በቀር ጠብታ አይወጣውም። ይህ በቡለን ብቻ የሚያጋጥም አይደለም፤ በጠንካራ አለት ላይ በተመሠረቱ የአገራችን አካባቢዎች ሁሉ የሚታወቅ ጉዳይ ነው። በሁለቱ ጉድጓዶች ላይ የዘነበው ዝናብ አንድ ነው። ከላይ ሲታይ አፈሩም ድንጋዩም አንድ ይመስላል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ከአባይ ሸለቆ የደለል ንብርብሮች ተነስተን እስከ ቡለን እብነ በረድ ድረስ እንጓዛለን። መንገዱ ረጅም ቢመስልም የሚመራን የፊዚክስ ሕግ ግን አንድና ቀላል ነው።

የመያዝና የመስጠት ልዩነት

ብዙዎቻችን የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል በጨለማ ውስጥ የሚጓዝ ወንዝ ወይም የተኛ ሐይቅ በዓይነ ሕሊናችን እንስላለን። እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ የለም አይባልም። በባሌ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቀደደው ሲሆን ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ግን ልዩ ሁኔታ እንጂ ደንብ አይደለም። አብዛኛው የከርሰ ምድር ውሃ የሚኖረው በድንጋይና በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባሉ ጥቃቅን ክፍተቶችና በአለት ስንጥቆች ውስጥ ነው።

አንድ ብርጭቆ ደረቅ አሸዋ ወስደን ቀስ እያልን ውሃ ብንጨምርበት፣ የብርጭቆውን ሲሶ የሚያህል ውሃ ይቀበላል። ሲሶው ባዶ ነበር ማለት ነው። የሸክላ አፈርስ? ከአሸዋው የበለጠ ክፍተት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የሸክላ አፈር ክፍተቶች እጅግ ጠባብ በመሆናቸው የያዘውን ውሃ አጥብቆ ይይዛል እንጂ አይሰጥም። እናቶቻችን ውሃ የሚያቀዘቅዙበት እንስራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የእንስራው ገላ እንደሚያልበው ሰው እርጥብ ይሆናል፤ ይህም ውሃው በሸክላው ውስጥ እያለፈ መሆኑን ያሳያል። ሆኖም እንስራው ሌሊቱን ሙሉ ቢቀመጥ አይጎድልም ለማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሁለት ባሕርያትን ለይተን ማወቅ ይኖርብናል። አንደኛው ድንጋዩ ምን ያህል ውሃ መያዝ እንደሚችል የሚነግረን የክፍተት መጠን ነው። ሁለተኛው ውሃው በዚያ ድንጋይ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ የሚነግረን የማሳለፍ አቅም ነው። ጉድጓድ ቆፋሪን የሚያስደስተው ሁለቱም በአንድ ቦታ ሲገኙ ነው።

የዲዦኑ መሐንዲስ

ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚጓዝበትን ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በልኬት ያስቀመጠው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ነው። ዳርሲ የትውልድ ከተማው የዲዦን የመጠጥ ውሃ ሥራ መሪ ነበር። ውሃን ለማጣራት የሚያስፈልገውን የአሸዋ መጠን ለማወቅ ሲል በአሸዋ በተሞላ የብረት ቧንቧ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ።

የደረሰበት ሕግ በአጭሩ እንዲህ ይላል። በአንድ ጊዜ ውስጥ የሚያልፈው የውሃ መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በድንጋዩ የማሳለፍ አቅም፣ ውሃው በሚያልፍበት ስፋት እና በውሃው ከፍታ ልዩነት ለርቀቱ ተካፍሎ። የመጨረሻውን የውሃ ተዳፋት ልንለው እንችላለን። ሦስቱን ስናባዛ ፍሰቱን እናገኛለን።

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን ሕግ ሲያዩ አንድ የሚያውቁት ነገር ትዝ ሊላቸው ይገባል። ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ስለ ኤሌክትሪክ ያስቀመጠው ሕግ ተመሳሳይ መልክ አለው፤ በቮልቴጅ ልዩነት ፋንታ የውሃ ከፍታ ልዩነት፣ በኤሌክትሪክ ፍሰት ፋንታ የውሃ ፍሰት ገብቷል። ፉርየ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት የጻፈውም እንዲሁ ነው። ተፈጥሮ በሦስት ልዩ ልዩ ልብሶች ያቀረበችልን አንድ ሐሳብ ነው።

ሕጉን በቁጥር እንፈትሸው። በቀን 1 ሜትር የማሳለፍ አቅም ያለው የአሸዋ ድንጋይ አለ እንበል። የውሃው ተዳፋት በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር፣ የድንጋዩ ክፍተት ደግሞ ከመቶ 20 እጅ ቢሆን፣ ውሃው በቀን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይጓዛል። በዓመት 18 ሜትር ያህል መሆኑ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 55 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። የከርሰ ምድር ውሃ እንግዲህ እንዲህ ዝግ ያለ መንገደኛ ነው።

የአባይ ሸለቆ የድንጋይ መዝገብ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለትና ዳገት አይረሳውም። አባይ ደጋውን ሰንጥቆ ከ1,000 ሜትር በላይ በመውረዱ በሌላ ቦታ ተሸፍኖ የሚገኘው የአገራችን የድንጋይ ታሪክ በዚህ ሸለቆ ግድግዳ ላይ ተገልጦ ይነበባል።

በአባይ ተፋሰስ ውስጥ በዳይኖሶሮች ዘመን የተከማቸው ደለል ወለድ አለት ውፍረቱ 1,400 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከሥር የሚገኘው 300 ሜትር ገደማ የሆነው የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ይህም ከ200 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ወንዞች ያነጠፉት አሸዋ ነው። ከዚያ በኋላ ባሕር መጣ። ባሕሩ እየጠለቀና እየደረቀ በነበረባቸው ዘመናት የኖራ ድንጋይ፣ የሸክላ ደለልና ጄሶ ትቶ ሄደ። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች እንደገና አሸዋ አመጡ፤ ይህም የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ ሆነ። በመጨረሻም ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሁሉንም እንደ ክዳን ሸፈነው። ዛሬ የጎጃምና የሸዋ ደጋ የሚታረስበት አፈር በአብዛኛው ከዚህ ክዳን የተገኘ ነው።

ለውሃ ሲባል እነዚህ ንብርብሮች ፍጹም የተለያዩ ቤቶች ናቸው። የአሸዋ ድንጋዩ በቅንጣቶቹ መካከልም በስንጥቆቹም ውሃ ያሳልፋል። የኖራ ድንጋዩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተነሣ መጠነኛ አሲድነት ባለው የዝናብ ውሃ እየሟሟ ስንጥቆቹን ያሰፋል። የሸክላው ደለል መንገድ ይዘጋል። ጄሶው ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ሊሟሟ ስለሚችል፣ ውሃው ሰልፌት እንዲበዛበትና እንዲመር ያደርጋል። ውሃ የሚያሳልፈው ንብርብር ከማያሳልፈው በላይ ተነጥፎ በቁልቁለት ላይ ሲቆረጥ፣ ውሃው ወደ ታች መውረድ ስለሚሳነው ወደ ጎን ይወጣል፤ ብዙ የሸለቆ ምንጮች የሚፈልቁት በዚህ ምክንያት ነው።

ከባሕር ጭቃ ወደ እብነ በረድ

ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተከል በተጓዝን መጠን ይህ ወፍራም መጽሐፍ ገጾቹ እየተገነጠሉ ይሄዳሉ። ደለል ወለዱ ንብርብር ይሳሳል፤ ከሥሩ የነበረው መሠረት አለትም ወደ ላይ ይገለጣል። ቡለን የምትገኘው በዚህ የምዕራብ ኢትዮጵያ ጥንታዊ አለት ቀጠና ውስጥ ነው። የዚህ አለት ዕድሜ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው።

ስለዚህ በቡለን ደለል ወለድ አለት የለም ማለት ነው? መልሱ አስገራሚ ነው። ነበረ፤ አሁንም አለ፤ ግን መልኩን ለውጧል። ስለ አገራችን የድንጋይ ሀብት የተጻፉ የጂኦሎጂ ጥናቶች በመተከል የማንኩሽ፣ የባሩዳና የቡለን እብነ በረዶችን በስም ይጠቅሳሉ። እብነ በረድ በትውልዱ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ በትውልዱ የባሕር ወለል ጭቃ ነው። ዛሬ ከማንኛውም ባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኘው በዚህ ቀጠና ከአባይ ሸለቆው ባሕር እጅግ የቀደመ ሌላ ውቅያኖስ ነበረ። የምሥራቅና የምዕራብ ጥንታዊ አህጉራት ሲገጣጠሙ ያ ውቅያኖስ ተዘጋ፤ ደለሉም ወደ ጥልቅ መሬት ተቀብሮ በሙቀትና በግፊት ተጠበሰ። ጭቃው እብነ በረድ፣ የሸክላው ደለል ደግሞ ንጣፍ ንጣፍ የሚል ልውጥ አለት ሆነ።

በዚህ ጥብሳት ወቅት ለውሃ ወሳኝ የሆነ ነገር ተፈጸመ፤ ክፍተቶቹ ተዘጉ። ያልተሰነጠቀ እብነ በረድ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከአንድ እጅ ያነሰ ክፍተት ነው ያለው። በጠጠርና ባልተሰነጠቀ ጠንካራ አለት መካከል ያለው የማሳለፍ አቅም ልዩነት ከአንድ ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ በቡለን ውሃ በድንጋዩ ገላ ውስጥ አይጓዝም፤ የሚጓዘው ድንጋዩ በተሰበረበት ቦታ ብቻ ነው።

የስንጥቅ ሒሳብ

ውሃ በስንጥቅ ውስጥ ሲጓዝ የሚገዛው ሕግ በፊዚክስ ካሉት አስደናቂ ሕጎች አንዱ ነው። ፍሰቱ ከስንጥቁ ውፍረት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ውፍረቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ይመጣጠናል። ስንጥቁ በእጥፍ ቢሰፋ ፍሰቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አሥር እጥፍ ቢሰፋ አንድ ሺህ እጥፍ።

አሁንም በቁጥር እንየው። ግድግዳዎቹ ለስላሳ የሆኑ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ አንድ ስንጥቅ አለ እንበል። የውሃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ተዳፋቱም በ100 ሜትር 1 ሜትር ይሁን። በእያንዳንዱ የስንጥቅ ወርድ ሜትር በቀን 700 ሊትር ያህል ውሃ ያልፋል፤ ይህም 35 ጀሪካን ነው። ስንጥቁ ከ1 ሚሊ ሜትር ወደ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢጠብስ? በቀን የሚያልፈው 0.7 ሊትር ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ጠዋት ከሚጠጣው እምብዛም አይበልጥም።

የመንደሩ ሁለት ጉድጓዶች ምስጢር የተሸሸገው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት አለት ውስጥ ተቆፍረዋል፤ ሁለቱም ስንጥቅ አግኝተው ሊሆን ይችላል። በዓይን ለመለየት በሚያስቸግር የውፍረት ልዩነት ግን አንዱ መንደር ያጠጣል፣ ሌላው አንድ ቤተሰብ አያጠጣም። የተፈጥሮ ስንጥቅ ግድግዳው ሻካራ፣ መንገዱም ጠማማ በመሆኑ ቁጥሩ ከስሌታችን ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ የልዩነቱ ስፋት ግን እንዳለ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። ጥልቀት ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ወደ ታች በሄድን ቁጥር የላዩ አለት ክብደት ስለሚጨምር ስንጥቆች በአጠቃላይ ይጠባሉ። በጠንካራ አለት ውስጥ ውሃ ያጣ ጉድጓድን ዝም ብሎ ማጥለቅ ብዙ ጊዜ ገንዘብን በተዘጋ በር ላይ ማፍሰስ ነው።

ጎተራውና በሩ

ስንጥቅ ግን ውሃ ያደርሳል እንጂ ብዙ አያከማችም። በደረቁ ወራት የሚፈሰው ውሃ ከየት ይመጣል? ከላይ ከተኛው ከበሰበሰው አለት ነው። ፀሐይ፣ ዝናብና ሥራ ሥር ለብዙ ሺህ ዓመታት የሠሩበት አለት ይፈራርሳል፤ ከአፈሩ በታች ከጥቂት ሜትሮች እስከ አሥር ሜትሮች የሚደርስ ልል ንብርብር ይፈጠራል። ይህ ንብርብር የውሃ ጎተራ ሲሆን ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ደግሞ በሩ ነው። ጎተራ ያለ በር አይጠቅምም፤ በርም ያለ ጎተራ ባዶ ቤት ውስጥ ያስገባል። የተሳካ ጉድጓድ ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ የተቆፈረ ነው። በየካቲት የሚደርቀው ጉድጓድ በሩ የተበላሸ ሳይሆን ጎተራው ያነሰ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልገው ውሃ እጅግ ብዙ አለመሆኑንም ልብ እንበል። 250 ሰዎች በቀን 20 ሊትር ቢጠቀሙ 5,000 ሊትር ይሆናል፤ በዓመት 1,825 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከዓመቱ ዝናብ ውስጥ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ መሬት ሰርጎ ቢገባ፣ ይህን ያህል ውሃ ለማግኘት የሚበቃው መሬት ከ2 ሄክታር ያነሰ ነው። ስለዚህ የቡለንን መሰል አካባቢዎች ችግር የዝናብ ማነስ አይደለም። ችግሩ ዝናቡ የሚሰርግበት፣ የሚከማችበትና የሚደርስበት መንገድ በድንጋዩ ታሪክ የተወሰነ መሆኑ ነው። በተራቆተ ተዳፋት ላይ የወረደ ዝናብ ወደ ጎተራው ሳይገባ ወደ በለስና ወደ አባይ ይሮጣል።

እርጥበትን ውሃ ነው ብለን የተሳሳትንበት ቀን

ከመሬት በታች ያለውን ሳይቆፍሩ ለማየት ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ የኤሌክትሪክ ልኬት ነው። ሁለት የብረት ካስማዎች መሬት ላይ ተክለን ኤሌክትሪክ እንልካለን፤ በሌሎች ሁለት ካስማዎች መካከል ደግሞ ቮልቴጁን እንለካለን። ካስማዎቹን እያራቅን ስንሄድ ኤሌክትሪኩ ወደ ጥልቀት ይዘልቃል። ያልተሰነጠቀ ጠንካራ አለት ኤሌክትሪክን በብርቱ ይቃወማል፤ ውሃ የገባበት የበሰበሰ አለት ግን ተቃውሞው ዝቅተኛ ነው።

ከዓመታት በፊት ትምህርታችንን በውጭ አገር ጨርሰን በተመለስንበት ሰሞን፣ ተማሪዎችን ይዘን በአንድ መንደር ይህንኑ ልኬት አካሄድን። በአንድ ቦታ ተቃውሞው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ አገኘነውና ያለ ጥርጥር «እዚህ ይቆፈር» አልን። ቁፋሮው 60 ሜትር ወረደ። የወጣው እርጥብና አጣባቂ ሸክላ ነበር፤ ጉድጓዱ ሌሊቱን ሙሉ አድሮ ያጠራቀመው ውሃ ባልዲ አልሞላም። ለዚያ ቁፋሮ ነዋሪው ያዋጣው ገንዘብ ነበረበት። ቆመው ይመለከቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ጭቃውን በጣታቸው እያሹ «ልጆቼ፣ ውሃውስ አለ፤ አልሰጥም አለ እንጂ» አሉን።

በዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የተማርነውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነበር ያጠቃለሉት። ሸክላ ኤሌክትሪክን ከውሃማው አሸዋ በላይ ያሳልፋል፤ ዝቅተኛ ተቃውሞ ሁሉ ጥሩ ጉድጓድ አይደለም። ስለ አካባቢው ድንጋይ ቀደም ብለን ብናጠና፣ በዙሪያው ያሉትን የቆዩ ጉድጓዶች ብንመለከትና ነዋሪውን ብንጠይቅ ኖሮ ስሕተቱ ባልተፈጸመ ነበር። ያ መንደር የቀድሞ ምንጩን ፍለጋ ሌላ አንድ በጋ ተጉዟል፤ እኛም ከዚያን ቀን ወዲህ የመሣሪያውን ቁጥር ብቻውን አናምንም።

የውሃ ዕድሜና የሚያስጠነቅቀን ነገር

ውሃ ዕድሜ አለው ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ይለካል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ የተካሄዱት የኑክሌር ሙከራዎች ትሪቲየም የተባለውን የሃይድሮጅን ዓይነት በዓለም ዝናብ ውስጥ አበዙት። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ትሪቲየም የሌለበት የጉድጓድ ውሃ ከእነዚያ ሙከራዎች በፊት የዘነበ ነው። ለጥንታዊ ውሃ ደግሞ በ5,730 ዓመት በግማሽ የሚቀንሰው ካርቦን 14 ያገለግላል። የአዲስ አበባ ዝናብ የዚህ ዓይነቱ ዓለም አቀፍ ልኬት አካል ከሆነ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ኢትዮጵያዊው የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪ ሰይፉ ከበደም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በአባይ ምንጭ አካባቢ ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ አመጣጥ በእነዚህና በመሰል ምልክቶች ተከታትለዋል።

በሰሜን ጎረቤቶቻችን አገር ከሁለት ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የኑቢያ የአሸዋ ድንጋይ ውሃ በግብፅ፣ በሊቢያ፣ በሱዳንና በቻድ ሥር ይገኛል። ከግብፅ ምዕራባዊ በረሃ የተወሰዱ ናሙናዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆነ ጥናት እስከ አንድ ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ታይቶባቸዋል። ያ ውሃ ብዙ ነው፤ ግን አይተካም። በቡለን ዓይነት በስንጥቅና በበሰበሰ አለት ውስጥ ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ተቃራኒው ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በየክረምቱ ሊተካ ይችላል። የኑቢያው የተቀበረ ሀብት ሲሆን የቡለኑ የወር ደመወዝ ነው። ከደመወዝ በላይ የሚያወጣ ሰው ወሩ ሳያልቅ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። በአንጻሩ በቶሎ የሚሰርግ ውሃ ቆሻሻንም በቶሎ ያሰርጋል፤ ስለዚህ መጸዳጃና የከብት ማደሪያ ከጉድጓድ መራቅ አለባቸው።

አዲሱ ሐይቅ ለቡለን ውሃ ያመጣ ይሆን?

በዚሁ በመተከል ዞን፣ በጉባ፣ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሐይቁ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። «ይህ ሁሉ ውሃ በአጠገባችን ሳለ ጉድጓዳችን ለምን ይደርቃል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱን ዳርሲ ይሰጠናል። ውሃ የሚጓዘው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ነው። ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ገጽ ከባሕር ወለል በላይ በ640 ሜትር ላይ ይሆናል፤ የቡለን ከተማ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውሃ ተዳፋቱ ከቡለን ወደ ወንዙ እንጂ ከወንዙ ወደ ቡለን አይደለም። ሐይቁ በዳርቻው ያሉትን ስንጥቆች ይሞላል፤ በዳርቻው አቅራቢያ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የቡለንን ጉድጓድ የሚሞላው ግን በቡለን ላይ የዘነበውና በቡለን መሬት የሰረገው ውሃ ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ውሃ ወደ ላይ ሊገፋ ይችል ይሆናል፤ የስበት ሕግ ግን አይገፋም።

በገመድና በደብተር የሚሠራ ሳይንስ

በ2013 ዓ.ም. በመተከል በተፈጸሙት ጥቃቶች በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ቡለንም ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። ሰው በድንገት በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ወይም ወደ ተወው መንደር ሲመለስ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው። ለ250 ሰው የሚበቃ ስንጥቅ ለ1,000 ሰው አይበቃም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ሕይወት ያድናል።

ለማወቅ ውድ መሣሪያ ብቻ አያስፈልግም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ክዳኑ በሚከፈት አንድ የአካባቢያቸው ጉድጓድ ላይ፣ ከውሃ ኮሚቴው ፈቃድ ጠይቀው፣ በንጹሕ ገመድና በትንሽ ክብደት የውሃውን ጥልቀት በየወሩ በአንድ ቀን፣ ሰው ገና መቅዳት ሳይጀምር በማለዳ ይለኩ። ቀኑንና ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ። ከሁለት ክረምት በኋላ ውሃው መቼ እንደሚወጣ፣ በምን ፍጥነት እንደሚወርድ፣ የዘንድሮው መጋቢት ከአምናው እንደሚከፋ ወይም እንደማይከፋ ይታወቃል። የሳሙና አረፋ አልወጣ ካለና የማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ ውሃው ካልሲየም እንደበዛበት፣ ምናልባትም በእብነ በረድ በኩል እንዳለፈ ይመዝግቡ። እንዲህ ያለ ደብተር በቀጣዩ ቁፋሮ ላይ ለሚወስነው ባለሙያ ከብዙ ገምቶ መናገር ይበልጥበታል፤ ለእኛ በዚያ መንደር ቢኖረን ኖሮ 60 ሜትር ሸክላ ባልቆፈርን ነበር።

በመግቢያችን ወዳነሣናቸው ሁለት ጉድጓዶች ስንመለስ፣ ልዩነታቸው የዕድል ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ጭቃ ነበረ፤ ተጠበሰ፣ ተሰበረ፣ በሰበሰ። ስብራቱ አንድ ሚሊ ሜትር በሆነበት እጀታው ውሃ ያወጣል፤ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር በሆነበት ይንቋቋል። ይህን ልዩነት ከመቆፈራችን በፊት ለማወቅ መድከም የእኛ የተማርን ሰዎች ዕዳ ነው፤ ሳናውቅ ብንቀር ግን በመጋቢት ፀሐይ ጀሪካን ተሸክማ የምትከፍለው ልጅቷ ናት።